ወተት የሚበላሸው በቅብብሎሽ ላይ ነው፦ በወተት ላም እርባታ ጥራትንና የቡድን ሥራን አብሮ የመምራት ዝርዝር መመሪያ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው። ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ወረፋ ይዘናል። ተቀባዩ ከካናችን በጭልፋ ቀዳ፤ በትንሿ ብርጭቆ ላይ እኩል አልኮል ጨምሮ ነቅነቅ አደረገና ወደ ብርሃን አዞራት። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ እንደ ደቀቀ አይብ ያለ ቅንጣት ተለጥፎ ቀረ። «ይመለስ» አለ። 40 ሊትር።

እርባታው ስደርስ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማነው ያበላሸው?» የሚል ነበር። የሌሊቱ አላቢ አንገቱን ደፋ፤ ከደመወዙም ቆረጥኩበት። በሦስተኛው ቀን፣ ሌላ ሰው ባለበበት ጠዋት፣ ወተቱ እንደገና ተመለሰ። ያኔ ነው በረት ያደርኩት። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያውን ካን ክዳን ሳነሳ ሞቅ ያለ የኮመጠጠ ሽታ ፊቴን መታኝ። ጣቴን በካኑ አንገት ውስጥ ባዞረው ሙልጭልጭ የሚል ነገር ይዞ ወጣ። ካኑ ማታ ታጥቧል፤ ያጠበችውም ሴት ሥራዋን አውቃ በደንብ አጥባዋለች። ግን እርጥቡን ተከድኖ አድሯል። ለምን ተከደነ? አይጥ እንዳይገባበት። አይጥ ለምን ይደርስበታል? መሬት ላይ ስለሚቀመጥ። ለምን መሬት ላይ ይቀመጣል? መደርደሪያ የለም። ለምን የለም? እኔ ስላላሠራሁ። አጣቢዋ ከሁለት ወር በፊት ጠይቃኝ ነበር።

የቆረጥኩትን ደመወዝ በሰው ፊት መለስኩ፤ መደርደሪያውንም በዚያው ሳምንት አሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ወተት ሲመለስ የምጠይቀው «ማን?» ብዬ አይደለም፤ «የትኛው ቅብብሎሽ ላይ?» ብዬ ነው። ይህ መመሪያ ከዚያች ጥያቄ የተነሳ ነው። የተጻፈውም ከ5 እስከ 30 የሚታለቡ ላሞች ላሏቸው፣ ከሦስት እስከ ስምንት ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ፣ በእጅ ለሚያልቡ እርባታዎች ነው። በቢሾፍቱ፣ በሰበታ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታ ወይም በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ሰው ራሱን ያገኝበታል።

ደረጃ 1፦ የወተቱን መንገድ በእግር ይከተሉት

አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ደብተርና ሰዓት ይያዙ፤ ምክርም ቁጣም ለዚያ ቀን ይቅር። ከግርግሙ ይነሱና ወተቱ ከእጅዎ እስኪወጣ ድረስ ይሂዱ። መኖውን ማን ሰጠ? ግቱን ማን አጠበ፣ በየትኛው ውኃ? ወተቱ ከባልዲ ወደ ካን በምን ተጣራ? ካኑ የት ቆየ? ማን ጫነው? ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ? አንድ ነገር ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው በተላለፈ ቁጥር በደብተርዎ ላይ መስመር ያስምሩ። በእኔ እርባታ 11 ቅብብሎሽ ቆጠርን። ከእነዚህ ውስጥ በአራቱ ላይ ሰጪው «ተቀባዩ ያያል» ብሎ ያስባል፤ ተቀባዩ ደግሞ «ሰጪው አይቶታል» ይላል። ጥራት የሚያመልጠው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው።

ከሁሉም በላይ ሰዓቱን ይመዝግቡ። ወተት ከግት ሲወጣ 37 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ አመቺ ሙቀት ሲያገኝ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እጥፍ መሆን ይችላል። በ30 ደቂቃው ብናሰላው እንኳ በ3 ሰዓት ውስጥ አንዱ 64 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ላም ከታለበችበት እስከ ርክክቡ ድረስ ያለችው እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ያውርደው። የሌለው ካኑን በቀዝቃዛ ውኃ ገንዳ ውስጥ እስከ አንገቱ አቁሞ፣ ውኃውን እየቀየረ፣ ወተቱን በንጹሕ ማማሰያ አልፎ አልፎ ያማስለው። ለሙሉ ሌሊት አይበቃም፤ እስከ ርክክቡ ላለው ጊዜ ግን ልዩነቱ የሚታይ ነው። የማታውን ወተት ከጠዋቱ ጋር አይቀላቅሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያደርገው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ፍተሻ አለ። መሰብሰቢያው የሚጠቀምበትን አልኮል ትንሽ ይግዙና በሦስት ቦታ ይሞክሩ፦ ከእያንዳንዷ ላም ባልዲ፣ ከካኑ ከመጫኑ በፊት፣ እና ልክ ሲደርስ በር ላይ። ወተቱ ገና ከባልዲው ከቋጠረ ነገሩ ከላሟ ነው፤ የግት በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ወይም በቅርብ የወለደች ላም እንገር ገብቶበታል። ባልዲው ደህና ሆኖ ካኑ ከቋጠረ ዕቃውን ይጠርጥሩ። ከእርባታው በሰላም ወጥቶ በር ላይ ከቋጠረ ጊዜና ሙቀት ናቸው። አንድ ጠዋት ብቻ ይፈጃል፤ ከወር ጭቅጭቅ ያድናል።

ደረጃ 2፦ ቡድኑን ያቋቁሙ፤ ዘበኛውን አይርሱ

ቡድን ሲባል አላቢዎቹ ብቻ አይደሉም። መኖ የሚሰጠው፣ ዕቃ የምታጥበው፣ እበት የሚዝቀው፣ ወተት የሚያደርሰውና የሌሊት ዘበኛው ሁሉ ይግቡበት። ዘበኛውን ስጠራ የሚገርመው ሰው አለ። ላም ኮርማ ስትፈልግ ምልክቱን በይበልጥ የምታሳየው በሌሊትና በማለዳ፣ ባለቤቱ በተኛበት ሰዓት ነው። የምትጋልበውን፣ ስትጋለብ ደግሞ ዝም ብላ የምትቆመውን የሚያየው እሱ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ይስጡት፤ የላሟን ስምና ሰዓቱን ይጻፍ። መጻፍ ካልቻለ በየላሟ ስም ትይዩ ጠጠር ያስቀምጥ። ማታ የታየችው በማግስቱ ጠዋት፣ ጠዋት የታየችው ማታ ትዳቀላለች። ያመለጠ ድራት (ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ) የሚመለሰው በአማካይ ከ21 ቀን በኋላ ነውና፣ አንድ ያልተነገረ ሌሊት ሦስት ሳምንት የወተት ዕድሜ ይበላል።

በሳምንት አንድ ቀን፣ የጠዋቱ ወተት ከሄደ በኋላ፣ ለ20 ደቂቃ ይሰብሰቡ። ቡና ይፈላ። ጥያቄዎቹ ሦስት ብቻ ይሁኑ፦ በዚህ ሳምንት ምን አስቸገረ? ምክንያቱ ምንድን ነው? ማን ምን ያደርጋል፣ እስከ መቼ? ባለቤቱ መጨረሻ ላይ ይናገር። ይህን ካላከበሩ የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አሠሪ ቀድሞ ከተናገረ ስብሰባው እዚያው አበቃ። ብዙ ሠራተኞች ከሩቅ የመጡ፣ አንዳንዶቹም ገና አማርኛን እየለመዱ ያሉ ወጣቶች ናቸው። ዝም ማለታቸውን መስማማት አድርገው አይቁጠሩት፤ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብለው በየተራ ይጠይቁ።

የስብሰባው ሕግ አንድ ነው፦ ያየውን የተናገረ አይቀጣም። ይህ ሕግ የሚጸናው በግድግዳ ላይ ሲጻፍ አይደለም። አንድ ቀን አንዱ ልጅ መጥቶ «ጋሼ፣ ትናንት ላሟ ባልዲውን ስትረግጠው እበት ገብቶበት ነበር፤ ፈርቼ አጣርቼ ጨመርኩት» ይልዎታል። በዚያች ቅጽበት ፊትዎ የሚያሳየው ነገር የሚቀጥለውን ዓመት ይወስናል። ካመሰገኑት ሌላው ሁሉ መናገር ይጀምራል። ከተቆጡት ሁለተኛ አይሰሙም።

ይህ አስተሳሰብ ከየት መጣ ለሚል፦ አሜሪካዊው ኤድዋርድስ ዴሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ የጥራት ትምህርት ሰጥቷል፤ የጥራት ችግር በአብዛኛው የአሠራሩ እንጂ የሠራተኛው አይደለም ይል ነበር፤ ፍርሃት ከሥራ ቦታ ይውጣ ማለቱም ይታወቃል። ጃፓኖች በዚህ ላይ ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል ሥርዓትን ገነቡ። እኛም ዘንድ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ለፋብሪካዎች «5ቱ ማ»ዎችን አስተምሯል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በረት ከፋብሪካ የሚለየው ማሽኑ ሕይወት ያለው በመሆኑ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ይሠራል። አይቼዋለሁ።

ደረጃ 3፦ አራት ቁጥር፣ አንድ ሰሌዳ

ላሟ በዓይን ግምት «ጥሩ ነች»፣ ወተቱም «ደህና ነው» እየተባለ በስልክ ብቻ የሚመራ እርባታ ላም አለኝ በሰማይ ነው። መለካት አለበት። ነገር ግን ሃያ ነገር ለመመዝገብ የሞከረ በሁለተኛው ሳምንት አንዱንም አይመዘግብም። በአራት ይጀምሩ፦ የእያንዳንዷ ላም ሊትር በየዕለቱ፣ የካኑ የአልኮል ውጤት፣ ከማለብ እስከ ርክክብ ያለፈው ደቂቃ፣ እና በየሁለት ሳምንቱ የግት በሽታ ምርመራ።

የመጨረሻው ማብራሪያ ይፈልጋል። የግት በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ያበጠና የቀላ ግት፣ የተቋጠረ ወይም ደም ያለበት ወተት ነው። ያ የሚታየው ነው። የማይታየው ይበልጣል፤ ግቱ ደህና ይመስላል፣ ወተቱም ነጭ ነው፣ ሊትሩ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጥራቱም ይጎዳል። የካሊፎርኒያ የግት ምርመራ የሚባለው ቀላል ዘዴ የሚያጋልጠው ይህንን ነው። አራት ጎድጓዳ ያላት ሳህን ላይ ከአራቱ ጡቶች ትንሽ ትንሽ ያልቡ፤ በዚያው መጠን የመመርመሪያውን ፈሳሽ ይጨምሩና ሳህኗን በክብ ያንቀሳቅሱ። በ10 እና በ20 ሰከንድ መካከል ያንብቡት። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ደህና ነው። እንደ ተልባ ከተሳሳበ ወይም መሐል ላይ እንደ እንቁላል ነጭ ከተሰበሰበ ያች ጡት ታማለች። ጤነኛ ጡት በ1 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው የሶማቲክ ሴል (ግቱ ሲታመም የሚበዙ የላሟ ሴሎች) ቁጥር ከ200,000 በታች ነው፤ ፈሳሹ የሚወፍረው ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ነው። ምርመራውን ባለቤቱ ወይም ሐኪሙ ብቻ አያድርገው፤ አላቢው ራሱ በእጁ ይዞ ሲያየው ነው የሚያምነው። ለሁለት ዓመት «ይቺ ላም ጤነኛ ነች» ሲለኝ የኖረ አላቢ ሳህኗ ላይ የተሳሳበውን ሲያይ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እጁን ሳይታጠብ ወደ ሌላ ላም አልሄደም።

ላክቶሜትር (ወተቱ ውኃ እንደገባበት ለማወቅ ጥግግቱን የሚለካ መሣሪያ) ካለዎት ጥሩ ነው፤ በ20 ዲግሪ ጤነኛ ወተት በአብዛኛው ከ26 እስከ 32 ያነባል። ገና የታለበ ትኩስ ወተት ላይ ግን አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ንባቡን ያወርደዋልና ያልሰረቀ ሰው «ውኃ ጨመረ» ይባላል።

ሰሌዳው ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ይሰቀል። ለማያነብ ሰው ቀለም ይበቃል፦ አረንጓዴ ደህና፣ ቀይ ችግር። የላሞቹ ስም በቁጥር አይተካ፤ ቡሬን ሁሉም ያውቃታል፣ 017ን ማንም አያውቃትም።

ደረጃ 4፦ የአለባውን ሥርዓት አላቢዎቹ ራሳቸው ይጻፉት

የመመሪያው ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ እንበል። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ምንም አያደርግም። ሁለቱን ነባር አላቢዎች ቁጭ አድርጋችሁ «ላም ስታልብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የምታደርገውን ንገረኝ» በሉ። የሁለቱ አይገጥምም። አንዱ ግቱን ያጥባል፣ አንዱ ያብሳል፤ አንዱ የመጀመሪያውን ጭማቂ መሬት ላይ ይረጫል፣ አንዱ ባልዲው ውስጥ ያደርገዋል። ልዩነቱን አብረው ይዩት፤ በየአንዱ ላይ ምክንያቱን አክለው አንድ ሥርዓት ያውጡ። የእኛ እንዲህ ሆነ።

መጀመሪያ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ጥፍር ያጠረ ይሁን። እጁ ላይ የሚያዥ ቁስል ያለበት ሰው ያን ቀን አያልብም፤ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፣ ደመወዙ ግን አይነካም። ደመወዙ ከተነካ ቁስሉን ይደብቃል።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጡት ሦስት አራት ጭማቂ ጥቁር ጨርቅ በተወጠረበት ኩባያ ላይ ይታለባል። በጥቁር ጨርቅ ላይ ቋጠሮና ቅንጣት ወዲያው ይለያል። መሬት ላይ መርጨት በሽታ ያዛምታል፤ ባልዲ ውስጥ ማድረግ ደግሞ በጀርም የተሞላውን የመጀመሪያ ወተት ከንጹሑ ጋር መቀላቀል ነው።

ከዚያ ጡቶቹ ይጸዳሉ። የቆሸሸውን ብቻ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ፤ ግቱን ሁሉ በውኃ ማጥለቅለቅ ቆሻሻውን ወደ ጡት ጫፍ ያወርደዋል። ዋናው ግን ማድረቁ ነው። ለአንዲት ላም አንድ ጨርቅ። እዚህ ላይ ነው ብዙ እርባታ የሚወድቀው፦ አንድ ባልዲ፣ አንድ ጨርቅ፣ አሥር ላም። ከመጀመሪያዋ ላም በኋላ ያ ባልዲ በሽታ ማከፋፈያ ነው። አሮጌ አንሶላ ቆራርጠን 30 ጨርቅ አደረግን፤ በየቀኑ ይቀቀላል፣ በፀሐይ ይሰጣል። ወጪው ምንም አይደለም፤ የሚጠይቀው የአንድ ሰው ኃላፊነት ነው፤ ስሙም ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።

ላሟ ከተነካካች በኋላ ወተቷን ለመልቀቅ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያስፈልጋታል፤ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ግቷ የሚደርሰው ያኔ ነው። ጉልበቱ የሚቆየው ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለበት። ግቱን አጥቦ ስልክ ለማንሳት የሄደ አላቢ ሲመለስ ላሟ ወተቷን ትይዛለች። ጩኸት፣ ዱላና እንግዳ ሰውም ያስይዛታል። ስለዚህ በአለባ ሰዓት መማታትና መጮህ የተከለከለ ነው፤ ባለቤቱንም ጨምሮ።

ጣትን ወተት ውስጥ እየነከሩ ማለብ ይቁም፤ ከጣት የሚንጠባጠበው ባልዲው ውስጥ ነው የሚገባው። ጡቱ ደርቆ የሚያስቸግር ከሆነ ጥቂት ንጹሕ ቫዝሊን ይበቃል። በሁለት ጣት እየጎተቱ ሳይሆን በሙሉ መዳፍ እየጨመቁ ይታለብ፤ መጎተት ጡትን ከውስጥ ያቆስላል። ጥጃዋ ቀድማ በመጥባት ወተቱን እንድታስለቅቅ የሚደረግ ከሆነ ጡቶቹ ከዚያ በኋላ እንደገና ይጸዱ።

ሲያበቃ እያንዳንዱ ጡት ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ አዮዲን ውስጥ ይነከር። የጡት ቀዳዳ ከአለባ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ክፍት ሆኖ ስለሚቆይ ላሟ ወዲያው እበት ላይ እንዳትተኛ ትኩስ መኖ በዚያች ሰዓት ይቅረብላት። እዚህ ላይ የመኖ ሰጪውና የአላቢው ሥራ ይገናኛል፦ መኖው ቀድሞ ከቀረበ ላሟ ጨርሳ ትተኛለች፣ ከዘገየም ጠብቃ ትተኛለች። ሁለቱ ሰዎች ሰዓታቸውን ካልተነጋገሩ አዮዲኑ ብቻውን ምን ያድርግ?

የአለባ ተራ፦ መጀመሪያ በመጀመሪያ ወሊድ ላይ ያሉትና ጤነኞቹ፣ ቀጥሎ አሮጊቶቹ፣ መጨረሻ በምርመራ የተያዙት፣ በሌላ ባልዲ። በአልኮሉ የተገኘች ወይም በቅርብ የወለደች ላም ወተት ከካኑ አይገባም፤ እንገሩ ለጥጃዋ ነው፣ ከተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት።

ሥርዓቱ ሲጻፍ ይሠራ እንደሆነ የሚፈተነው በአዲስ ሠራተኛ ነው። አላቢ ይቀያየራል፤ የተሻለ ሲያገኝ ወይም ለበዓል አገሩ ገብቶ ሲቀር ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል። አዲሱ ልጅ በነባሩ አጠገብ ሆኖ ግድግዳው ላይ ያለውን እያየ ማለብ ከቻለ ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግራ የተጋባበትን ቦታ ግን የልጁ ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የጽሑፉ ጉድለት ነው።

ደረጃ 5፦ ዕቃ

ጀሪካን ለወተት አይሆንም። አንገቱ ጠባብ ነው፣ እጅም ብሩሽም አይገባም፤ ፕላስቲኩ ሲጫጫር ደግሞ ባክቴሪያ ጭረቱ ውስጥ ይሸሸጋል። በሁለት ጀሪካን ፋንታ አንድ የአልሙኒየም ካን ይግዙ፤ ገንዘቡ ካጠረ ይህን ከሌላው ሁሉ ያስቀድሙ።

አጠባው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ ይለቅለቅ፤ ከመጀመሪያው በጣም የፈላ ውኃ ከፈሰሰበት የወተቱ ፕሮቲን ግድግዳው ላይ ይበስልና ይጣበቃል። ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ፤ አንገቱና የክዳኑ ጎማ ሥር በተለይ። ከዚያ በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ፣ ተገልብጦ፣ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ለብቻው ይደረቃል። ወይራ ማጠን የእናቶቻችን ጥበብ ነው፤ ለቤት እርጎና ቅቤ መዓዛውም ሌላ ነው። ነገር ግን አጠባን አይተካም፣ ያልደረቀ ዕቃንም አያድንም።

ወተት ክፍሉ ውስጥ ደግሞ «5ቱ ማ»ን አንድ ቀን ሙሉ ይሥሩበት። ከእኛ ክፍል የተሰበረ ባልዲ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የአይጥ መርዝና ሦስት የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ ወጣ። የአይጥ መርዝ፣ ከወተት አጠገብ! ያን ያህል ጊዜ በዚያ በር ስንገባና ስንወጣ ማናችንም አላየነውም።

ደረጃ 6፦ የታከመችው ላም

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ላሟን በአንቲባዮቲክ ወግቶ ይሄዳል። ባለቤቱ ያውቃል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የሚያልበው ልጅ ግን አያውቅም፤ ወተቱ ካን ውስጥ ገባ። የአልኮል ምርመራ ይህንን አይዝም። እርጎ የሚሠራው ሰው ወተቱ አልረጋ ሲለው ነው የሚያውቀው፤ ወይም አንቲባዮቲክ የማይስማማው ሕፃን ይጠጣዋል። ማንም ሰነፍ አልነበረም፤ አንድ ወሬ ብቻ ከቀን ወደ ሌሊት አልተሻገረችም።

መፍትሔው ቀይ ጨርቅ ነው። ሐኪሙ መርፌውን ከማንሳቱ በፊት ላሟ የኋላ እግር ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። ሰሌዳው ላይ የመድኃኒቱ ስምና ወተቷ እስከ መቼ እንደማይሸጥ በቀንና በሰዓት ይጻፍ፤ ቀኑ ከመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ይነበባል፣ በግምት አይሆንም። ጨርቁን የሚፈታው አንድ የተመደበ ሰው ብቻ ነው። ጨርቅ ያሰረች ላም መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ባልዲ ትታለባለች፤ ወተቷም ይደፋል። ያን ወተት መድፋት ያሳዝናል፤ ቢሆንም ይደፋ።

ደረጃ 7፦ መኖ ገዢው የጥራት ሠራተኛ ነው

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ዙሪያ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አግኝቷል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑትም በአንድ ሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም አልፈው ነበር። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ሆኖ ተገኘ። መርዙን የሚያመነጨው እርጥበት ያገኘ መኖ ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው፤ ወተት ማፍላትም አያጠፋውም። ስለዚህ ርካሽ ብሎ የሻገተ ፋጉሎ የሚገዛ ሰው ወተቱን ገና ሳይታለብ አበላሽቶታል። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የቆየው ቀድሞ ይውጣ፤ ሻጋታ የሸተተው ሠራተኛ ሳያስፈቅድ የመመለስ መብት ይኑረው። ፋጉሎውን ከሌላ መኖ ጋር ማፈራረቅም ይጠቅማል።

ደረጃ 8፦ ክፍያና የጾም ወራት

በሊትር ብቻ መክፈል ጥራትን ይገድላል። አላቢው ይጣደፋል፣ የታመመችውን ላም ይደብቃል፤ ችግር የጠናበትም ውኃ ይጨምራል። እኔ የምመርጠው መደበኛ ደመወዝ ሆኖ፣ ወተት ሳይመለስ ባለፈ ወር ለሁሉም እኩል የሚከፈል ጭማሪ ነው፤ ለዘበኛውም ለአጣቢዋም። አንድ ሰው ብቻውን ሊያገኘው የማይችል ጉርሻ ሰዎችን እርስ በርስ እንዲተያዩ ያደርጋል። «ያንን ካን ደግመሽ እጠቢው» የሚለው ከእኔ ሳይሆን ከአላቢው መምጣት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታና ነቢያትም አሉ። ላሟ አትጾምም፤ ገዢው ግን ይቀንሳል። ከጾሙ አንድ ወር አስቀድሞ በስብሰባው ላይ ይነጋገሩበት፦ ስንት ሊትር ይተርፋል፣ ማን ይንጣል፣ ቅቤው የት ይቀመጣል፣ ለፋሲካ ገዢ ማን ነው? ሥራ ሲላላ ንጽሕናም ይላላልና የመደርደሪያ ጥገናና የግት ምርመራ በዚህ ጊዜ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ደረጃ 9፦ አንድ ለውጥ በአንድ ጊዜ፣ ከዚያም ይውጡ

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አይጀምሩ። አንድ ለውጥ መርጠው ለሁለት ሳምንት ይሞክሩት፤ የሰሌዳውን ቁጥር ከበፊቱ ጋር ያስተያዩ። ከሠራ ሥርዓቱ ላይ ይጻፍ፣ ካልሠራ ያለ ኀፍረት ይተው። እኛ መደርደሪያውን አስቀደምን፣ ከዚያ ጨርቁን፣ ከዚያ ውኃ ገንዳውን። አዮዲኑ አራተኛ ነበር።

ሦስት ወር ሲሞላ ለ7 ቀን ከእርባታው ይራቁ፤ አይደውሉም። ሲመለሱ ላሞቹን ከማየትዎ በፊት ሰሌዳውን ያንብቡ። ሰባቱም ቀን በአንድ ቀለም፣ በአንድ እጅ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ከተሞላ፣ የተጻፈው ዛሬ ጠዋት ነውና ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ። ሐሙስ ላይ ቀይ ካለ፣ አጠገቡም «የማታው ካን ሸተተን፤ አልላክነውም» የሚል ካገኙ፣ ቡናው እንዲፈላ ይንገሩና ምን እንዳገኙ ይጠይቋቸው።